ከወረርሽኝ በኋላ መጋረጃው መቼ ይገለጥ?

ወረርሽኝ ሲገባ ቀድመው ከሚዘጉት ቤቶች አንዱ ቴአትር ቤት ነው፤ ሲወጣም መጨረሻ ከሚከፈቱት አንዱ እሱ ነው። በ2020 በኮቪድ ጊዜ የታየው ይኸው ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚቀጥለው ወረርሽኝ መድረክ ሲያዘጋ የመክፈቻው ጊዜ በምን ይለካ? ሁለት የመድረክ ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረውበታል። አንደኛው ተውኔት አዘጋጅ ነው፤ ያለንን ይዘን ቶሎ እንክፈት ይላል። ሁለተኛዋ የመድረክ አስተባባሪ ናት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሥራ ሳይስተካከል ትኬት አይሸጥ ትላለች።

አዘጋጁ፦

በዚያ ዝግ ዘመን በኮምፒውተር የተለማመድነውን አንድ ትዕይንት ላንሣ። ባልና ሚስት ይጣላሉ። ሚስትየዋ «ሂድልኝ!» ብላ ስትጮህ ድምፅዋ ለባልየው የሚደርሰው በጥቂቱ ዘግይቶ ነው። መዘግየቷ የዓይን ጥቅሻ አትሞላም፤ ጠቡን ግን በሙሉ አበላሸችው። ደጋግመን ሞከርን። ቃሉ ሁሉ በትክክል ተባለ፤ ጠብ ግን አልነበረም። ተዋናይ መድረክ ላይ የባልደረባው ደረት ሲነፋ፣ ትንፋሽ ሲስብ፣ ሊናገር መሆኑን ያውቃል። ቃሉ ከመድረሱ በፊት መልሱ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል። ይህ በስክሪን አያልፍም።

ስለዚህ «ቴአትሩ ለጊዜው አርፏል» የሚለውን አነጋገር አልቀበለውም። ሙያው የሚኖረው በሰው ውስጥ ነው፤ ሰው ደግሞ በልቶ ማደር አለበት። የመብራት ባለሙያው ሌላ ሥራ ይይዛል። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ለሌላ ገበያ ታዞራለች። አንዴ የተበተነ ቡድን «ኑ» ስላሉት ብቻ አይሰበሰብም።

የኒው ዮርኩን የቴአትር ሰፈር፣ የብሮድዌይን ነገር እንመልከት። ማርች 12 ቀን 2020 አርባ አንዱም ቴአትር ቤቶች ተዘጉ፤ የመክፈቻው ቀን ኤፕሪል 12 ነው ተባለ። ቀኑ ወደ ጁን ተገፋ። ከዚያ ወደ ሴፕቴምበር፣ ከዚያ ወደ ጃንዋሪ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሜይ። ታላላቆቹ ዝግጅቶች የተመለሱት ሴፕቴምበር 14 ቀን 2021 ነው። አንድ ወር የተባለው አሥራ ስምንት ወር ሆነ! ሰው ሻንጣውን አስሮ በር ላይ እንደቆመ ዓመት ተኩል አለፈበት። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ያወጀው ሜይ 5 ቀን 2023 ነው፤ ያንን የጠበቀ ቴአትር ቤት ቢኖር ከሦስት ዓመት በላይ በተዘጋ ነበር። በሴኡል ግን አንድ ትልቅ ሙዚቃዊ ተውኔት በዚያው 2020 ቀጠለ። ሁለት የቡድኑ አባላት ቫይረሱ ሲገኝባቸው ሦስት ሳምንት ያህል ቆመ፤ ተመረመሩ፣ ቤቱ ተጸዳ፣ በኤፕሪል መጨረሻ ተመልሶ ተከፈተ። ተመልካቹ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ሙቀቱን ተለክቶ ገባ። ይቻላል ማለት ነው።

አስተባባሪዋ፦

ወንድሜ፣ ትንፋሽን እርስዎ ቀድመው አነሡት፤ እኔም የምከራከረው በእሱ ነው።

የሥራ ቦታዬ ከመድረኩ ጎን፣ በጨለማው በኩል ነው። እዚያ የቆመ ሰው ተመልካች የማያየውን ያያል። መብራቱ ከጎን ሲመታና ተዋናዩ «ጥፋ ከፊቴ!» ሲል፣ ከ«ጥ» ጋር የሚወጣው ጠብታ በብርሃኑ መንገድ ላይ እያበራ ይወርዳል። አንዳንዱም ባልደረባው ጉንጭ ላይ ያርፋል። ባልደረባው አይጠርገውም፤ ገጸ ባሕርዩን ይዟልና።

ይህ የሚታየው ነው፤ ወለል ላይ ይወድቃል። የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። ደቃቁ ጠብታ አየር በማይቀየርበት ክፍል ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። ማርች 10 ቀን 2020፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስካጊት በሚባል አውራጃ፣ አንድ የመዘምራን ቡድን ለሁለት ሰዓት ተኩል ተለማመደ። ከተገኙት 61 ሰዎች መካከል 53ቱ ታመሙ፤ የአንዳንዶቹ በምርመራ ተረጋገጠ፣ የሌሎቹ በምልክታቸው ታወቀ። ሁለቱ ሞቱ። እዚያ ተመልካች አልነበረም፤ ትኬትም አልተሸጠም። ልምምድ ነበር።

የልብስ ቅያሪውን ደግሞ ይጨምሩበት። ተዋናይዋ ከሐዘን ልብስ ወደ ሠርግ ልብስ ለመግባት አርባ ሰከንድ አላት። ከመጋረጃው ጀርባ፣ በደካማ ሰማያዊ መብራት፣ ሁለት አልባሾች ይጠብቋታል። አንዷ ከጀርባ ቁልፍ ትፈታለች። ሌላዋ ፊት ለፊት ቆማ ማይክሮፎኑን ታስተካክላለች፣ ሰው ሠራሽ ፀጉሩን ታጠብቃለች። በሁለቱ ፊት መካከል አንድ ስንዝር እንኳ የለም። ተዋናይዋ ዘፍና የወጣችው አሁን ነው፤ ታለከልካለች። አልባሿ የምትተነፍሰው የእርሷን ትንፋሽ ነው።

ሰው «ቴአትር ቤት ይከፈት» ወይም «አይከፈት» እያለ ሲከራከር የሚያስበው ስለ ተመልካቹ ወንበር ነው። ተመልካች ግን በአብዛኛው ጣሪያው ከፍ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አፉን መሸፈን ይችላል። ተዋናይ አይችልም። የሴኡሉ በሽታ የተገኘው ከማን ላይ ነበር? ከቡድኑ አባላት ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2021ም በብሮድዌይ አንድ ትልቅ ዝግጅት በተከፈተ ማግስት ምሽቱን ሰርዟል፤ ምክንያቱ የተከተቡ የቡድኑ አባላት ቫይረሱ ስለተገኘባቸው ነው። አደጋው ከመድረኩ በኩል ሆኖ ሳለ ወንበር ስንቆጥር እንውላለን።

አዘጋጁ፦

ስለ አልባሿ ያሉትን ማስተባበል አልችልም፤ አልሞክርምም። ነገር ግን ጥያቄዬ እንዳለ ነው። በርሊነር አንሳምብል የተባለው የበርሊን ቴአትር ቤት በሜይ 2020 ከ700 ወንበሮቹ 500 ያህሉን ነቅሎ አወጣ። የተረፉት ወንበሮች በባዶ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ሲታዩ ብዙ ሰው አዘነ፤ እኔ ግን በተስፋ ነበር የተመለከትሁት። ሥራውን ለመጀመር የቆረጠ ቤት ነበር። እርስዎ «ይስተካከል» ይላሉ። ተስተካከለ የሚባለው መቼ ነው? መለኪያ የሌለው «ቆዩ» በየወሩ ከሚገፋው ቀን በምን ይሻላል?

አስተባባሪዋ፦

ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀን የሚቆርጥ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ በሽታው ቀን መቁጠሪያ አያይምና። የጥንቶቹ ይህንን ያውቁ ነበር። በ1604 የእንግሊዝ ነገሥታት አማካሪዎች ለለንደን ተዋንያን ፈቃድ ሲሰጡ ገደቡን ያስቀመጡት በሳምንታዊው የሟች ቁጥር ነው፤ በጊዜው በነበረው የቸነፈር ወረርሽኝ የሞቱት በሳምንት ከ30 ከበለጡ ጨዋታ ይቆማል። ቁጥሩ ትክክል ነበር ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ተዋናዩ ግን የሚጠብቀውን ያውቅ ነበር።

የእኔ መለኪያ በመጀመሪያ አየሩ ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ በእጅ የሚያዝ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይበቃል። የውጭ አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 420 ያህል ያሳያል፤ ከሰው ሳንባ የሚወጣው ትንፋሽ ደግሞ 40,000 ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ቁጥሩ ሲወጣ፣ እዚያ ያለው ሰው የሌላውን ትንፋሽ መልሶ እየሳበ መሆኑ በግልጽ ይታያል። መለኪያውን መጀመሪያ የማስቀምጠው በአዳራሹ ውስጥ አይደለም። በልምምድ ክፍሉ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት የሚገኘው፣ መስኮቱ ድምፅ እንዳይወጣ የታሸገው ክፍል። ከዚያ መልበሻ ክፍሉ። ከዚያ የድምፅ ባለሙያው የሚቀመጥባት ጠባብ ሳጥን። በልምምድ ክፍሉ ሃያ ሰው አንድ ሰዓት ሲሠራ ቁጥሩ ከ800 በላይ የሚወጣ ከሆነ፣ በሩ ይከፈት፣ ማናፈሻ ይገጠም፣ ማጣሪያ ይግባ። ካልሆነም ልምምዱ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ።

ቶሎ ከፍቶ መልሶ መዝጋትን ደግሞ እንደ ቀላል አይዩት። በእንግሊዝ ከኦገስት 15 ቀን 2020 ጀምሮ ተመልካችን አራርቆ በአዳራሽ ማሳየት ተፈቀደ። ኖቬምበር 5 ተዘጋ። በዲሴምበር መጀመሪያ ተከፈተ፤ ዲሴምበር 16 ለንደን እንደገና ተዘጋች። ጀርመንም የበርሊኖቹን ወንበሮች ጨምሮ ኖቬምበር 2 ዘጋች። አንድ ዝግጅት በተነሣ ቁጥር የሳምንታት ልምምድ፣ የመብራት ማስተካከል፣ የማስታወቂያ ወጪ አለበት። ገና ሳይታይ ሲዘጋ ያ ሁሉ ገንዘብ ይባክናል፤ የሠራተኛውም ልብ ይሰበራል። አንድ ጊዜ ዘግይቶ መከፈት በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመዘጋት ያነሰ ይጎዳል።

አዘጋጁ፦

የአየሩን መለኪያ እቀበላለሁ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ይጀመር የሚለውንም ጭምር። ነገር ግን የለንደኑን ታሪክ እኩሌታ ነው የነገሩን። መድረኩ ሲዘጋ ቡድኖቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ጓዛቸውን ጭነው ወደ ሌሎች ከተሞች ወጡ፤ ባገኙበት ተጫወቱ። የእኔም ሐሳብ ይኸው ነው። አዳራሹ ካልሆነ ሜዳው አለ። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር በጁላይ 2020 መጀመሪያ የፈቀደው ለሁለት ዝግጅቶች ብቻ ነበር፤ ሁለቱም የታዩት ከአዳራሽ ውጭ ነው፤ አንደኛው ደግሞ የአንድ ሰው ተውኔት ነበር። በኦስትሪያ የሚካሄደው የሳልዝቡርግ ፌስቲቫልም በዚያው ዓመት ኦገስት መቶኛ ዓመቱን ባጠረ ዝግጅት አክብሯል።

ሁላችንም ሐምሳ ሰው የሚጨፍርበትን ትዕይንት መጠበቅ የለብንም። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ ከሰማይ በታች ሃያ ተመልካች፤ ይህም ቴአትር ነው። በአንዳንድ አገር ቴአትር ቤት ሲዘጋ ባዶ መድረክ ላይ አንድ አምፑል ሲበራ ያድራል። በእነዚያ ወራት ያንን አምፑል ባየሁ ቁጥር «እንመለሳለን» የሚል መስሎ ይታየኝ ነበር።

አስተባባሪዋ፦

ያንን አምፑል የማበራው እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። የሚበራው በጨለማ መጀመሪያ የሚገባው ሠራተኛ ከመድረኩ ጠርዝ እንዳይወድቅ ነው። እኔም የምለምነው ስለዚሁ ሰው ነው።

ወደ ሌላ ከተማ የወጡትን ቡድኖች ካነሡ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። በ1593 የፔምብሩክ መስፍን ቡድን የሚባለው በወረርሽኙ ምክንያት ከለንደን ወጥቶ ነበር። የመንገዱን ወጪ መሸፈን አልቻለም። ኦገስት ላይ ተመልሶ መጣ፤ የመድረክ ልብሱን አስይዞ ለመበደር ተገደደ። ለአንድ ቡድን ልብሱ ሀብቱ ነው። በጥቂት ተመልካች መጫወት ክብር አለው፤ ነገር ግን ሒሳቡን ማን ይከፍላል? የመብራቱ፣ የጥበቃው፣ የልብስ አጠባው ወጪ ለ200 ሰውም ለ700 ሰውም ያው ነው። በእነዚህ ጊዜያት «ለሙያው ስትሉ» ተብሎ በግማሽ ደመወዝ የሚጠራው ልብስ አልባሹና መድረክ ጠራጊው ነው።

ሳልዝቡርግን ስላነሡ ግን አመሰግናለሁ፤ እኔ የምለው ሁሉ እዚያ አለ። ባለሙያዎቹ እንደ ንክኪያቸው መጠን በቀለም በተለዩ ቡድኖች ተከፈሉ። መራራቅ የማይችሉት በየጊዜው ይመረመሩ ነበር። ወንበሩን ያራራቁት ይህንን ይዘው ነው።

አዘጋጁ፦

እንግዲህ የቀረን ልዩነት ይህ ነው። እርስዎ አየሩ ተለክቶ፣ ምርመራው ተዘጋጅቶ፣ ደመወዙ ተረጋግጦ ይከፈት ይላሉ። እኔ ሦስተኛው እስኪሟላ ድረስ የሚጠብቅ ቤት አይከፈትም ብዬ እፈራለሁ። የደመወዙን ዋስትና ከመንግሥት ወይም ከደጋፊ መጠየቅ አለብን፤ የተዘጋ ቤት ይዞ የሚጠይቅን ግን ማንም አይሰማውም። ሜዳ ላይ በሁለት ተዋናይ የሚጫወት ቡድን ቢያንስ የሚታይ ነገር አለው።

አስተባባሪዋ፦

በሜዳው እስማማለሁ፤ በሁለት ተዋናይም እንዲሁ። ታዲያ ሁለቱ የሚለማመዱት የት ነው? እዚያው ሜዳ ላይ ከሆነ ነገ ጠዋት ወንበር ይዤ እመጣለሁ። በዚያች መስኮቷ በታሸገ ምድር ቤት ከሆነ ግን መጀመሪያ መስኮቷን እንንቀል፤ መዶሻውን እኔ አመጣለሁ።