ይድረስ ለክቡር 88 ቮልት

ይድረስ ለክቡር 88 ቮልት፣ በጥቁር የባትሪ ድሪል ሻንጣ ክዳን ላይ በወርቅማ ቀለም ለተለጠፉት ተለጣፊ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከቀኝ እጄ አንጓ ሕመም በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት። ብቻ አታናግረኝም። የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ግን ደህና አይደለም፤ አንዱ በር በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ወደዚያው እመጣለሁ።

አንቱ ማለቴ እንዳይገርምዎ። እኛ ዘንድ 88 የሞላውን ሰው አንተ ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ ሳይዎትም ሽማግሌ ሲገባ ብድግ እንደሚባለው ልቤ ብድግ አለችልዎ። ከጎንዎ 18 የሚል ሻንጣ ተቀምጧል። እሱም ድሪልና ኢምፓክት፣ እርስዎም ድሪልና ኢምፓክት። እሱም ሁለት ባትሪ፣ እርስዎም ሁለት ባትሪ። ዋጋው ግን የእርስዎን ሦስት እጥፍ ነው።

«18ቱ እንዴት ከ88ቱ ይወደዳል?» አልኩት የሱቁን ልጅ።

«ወንድምዓለም፣ እዚያ የምትከፍለው ለስም ነው» አለኝ።

ልክ ነበር። ለስም ነው የከፈልኩት። የማን ስም እንደሆነ ነው ያልተግባባነው።

ልጁ ድሪሉን አንሥቶ አየር ላይ ተኮሰልኝ። ዥዥዥዥ! አየሩ ምንም አልተቋቋመውም። በቃኝ አልኩ። ደግሞም ምክንያት ነበረኝ። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ በገመድ የሚሠራው ሁሉ እኩል ይተኛል። አናጢው ጎረቤቴ ጋ ዕቃ ለመዋስ መመላለሱም አሳፍሮኛል። ጋሼ ቸር ሰው ናቸው፤ ግን ድሪላቸውን ሲሰጡኝ ልጃቸውን የሚድሩ ያህል ነው ፊታቸው የሚቀየረው።

እቤት ስደርስ የመጀመሪያው ሥራ የመጋረጃው ዘንግ ሆነ። ከመስኮቱ በላይ ያለው ኮንክሪት ነው። ሁለቱን ማሽኖች አየኋቸው። ኢምፓክት ማለት መምታት አይደል? ለግድግዳ እሱ ነው ብዬ ፑንታውን ሰካሁና ተጫንኩ። ጠጠጠጠጠጠ አለ። የጎረቤት ውሻ ሁሉ መለሰለት። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ሳየው ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ተቀምጧል። እርሳስ ቢሆን በአንድ ሰከንድ ይሠራው ነበር።

ጋሼ ኋላ እንዳስረዱኝ ኢምፓክት ብሎን ማጥበቂያ ነው፤ የሚመታውም ወደ ፊት አይደለም፤ በዙሪያ ነው። ብሎኑ እንቢ ሲል ውስጡ ያለው መዶሻ መዞሪያውን ከጎን እየመታ ያዞረዋል፤ በደቂቃ ከ3,000 ጊዜ በላይ። ግድግዳ የሚፈልገው ሌላ ነው። ፑንታውን ከኋላው የሚቀጠቅጥለት ይፈልጋል። ለዚያ ድሪሉ ራሱ የመዶሻ ሥዕል ያለው መሆን አለበት። እሱም ቢሆን ለብሎኬት ነው እንጂ ፌሮ ያለበትን ኮንክሪት በዋዛ አይደፍርም። የእርስዎ ድሪል የመዶሻ ሥዕል የለውም። ለሥዕል ቦታ አልቀረም፤ ሁሉንም ይዘውታል።

ሁለተኛው ሥራ የባለቤቴ ቁም ሳጥን ነው። ማጠፊያው ላልቷል፤ አራት አጫጭር ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነው። አሁንም ኢምፓክቱን አነሣሁ። ኤምዲኤፍ፣ ያ ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ፣ ምን ይችላል? ብሎኑ ገባ፣ ገባ፣ አልቆመም። አናቱ ተቀበረ። ሌላው በበሩ ፊት ለፊት ብቅ አለና ሰላም አለኝ። ባለቤቴ ቆማ ታያለች። ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህም አላለችም።

ለዚህ ሥራ የተፈጠረው ድሪሉ ነበር ለካ። አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለ። 3 ወይም 4 ላይ ካደረጉት ብሎኑ ልክ ሲይዝ ቀጭ ቀጭ ብሎ ማዞሩን ይተዋል። ኢምፓክቱ ይህ ቀለበት የለውም፤ የሚቆመው ጣት ሲያቆመው ነው። የኔ ጣት ደግሞ 88 ቮልት ይዣለሁ ብላ ልቧ አብጧል።

ሦስተኛው አጥር ነው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚያህል ብሎን። ኢምፓክት የተሠራው ለዚህ ነበር። እኔ ግን በኢምፓክት ተቀይሜ ስለነበር ድሪሉን ያዝኩ። ብሎኑ ግማሽ ገብቶ እንቢ አለ። ብሎኑ እንቢ ሲል ማሽኑ አያቆምም፤ ብሎኑ ካልዞረ ለመዞር የቀረው የኔ እጅ ነው። ዞረ። ሕመሙ ያ ነው። ወደ ኢምፓክቱ ተመለስኩ፤ ሁለቱን አስገባና ሦስተኛው ላይ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ከዚያ ሁለቱም ባትሪ ዐረፉ።

ሻንጣውን አንጠልጥዬ ጋሼ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርስዎን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁና ሳቁ። «ክፈተው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዋስትናው...» አልኩ። አሁንም ሳቁ።

በካቻቢቴ አራት ብሎን ፈታን። ውስጡ የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገቡት ዓይነት ሴሎች ተደርድረዋል። ቆጠርኳቸው። አምስት ናቸው። ሳጥኑን ገልብጬ ወለሉ ላይ ፈለግሁ፤ የወደቀ እንዳለ ብዬ። የለም። አምስት።

እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት ናቸው። አምስት ጊዜ 3.6፣ 18።

እንግዲህ 18 ዓመትህ ነው። ከዚህ በኋላ አንተ ነው የምልህ። ለአንቱታው የቆምኩት፣ የተቀመጥኩት፣ ዝቅ ያልኩት ሁሉ ይመለስልኝ።

አላመንኩም ነበርና ሌላውን ባትሪ ጥግብ እስኪል ሞልተን ጋሼ ቴስተር አስነኩት። 20.6 አለ። ሞልቶ ሲነሣ እያንዳንዱ ሴል ወደ 4.2 ቮልት ስለሚጠጋ ነው እንጂ ሥራ ሲጀምር ወደ 18 ይወርዳል። 88 ልትሆን ብትፈልግ 25 ሴል ያስፈልግህ ነበር። አንዷ ሴል 45 ግራም ገደማ ትመዝናለች። እንግዲህ ሴሎቹ ብቻ ከአንድ ኪሎ በላይ ሊሆኑ ነው። እኔ ባትሪህን ሰፈራችን ያለች የቡና ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ሽፋኑ፣ ሽቦው፣ ሁሉ ተጨምሮ ሩብ ኪሎ ብቻ ትንሽ አለፈ። ባለሚዛኗ እትዬ «ስንት ልበልህ?» አሉኝ፤ ቡና መስሏቸው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ያንተን ያወጣው ማተሚያ ቤት ነው።

ለነገሩ ቁጥርን ትንሽ መሳብ አንተ አልጀመርከውም። ታዋቂዎቹም ያደርጉታል። ያው አምስት ሴል ያለው የዲዎልት ባትሪ አሜሪካ ውስጥ 20 ቮልት ማክስ ተብሎ ይሸጣል፤ አውሮፓ ሲገባ 18 ይባላል። ግን እነሱ የሞላ ሰዓት የሚታየውን ቁጥር ነው የጻፉት፤ ከሥሩም በደቃቅ ፊደል 18 መሆኑን ያምናሉ። ለሥራ ቅጥር ሁለት ዓመት ዕድሜ እንደመጨመር ነው። ሰው ያደርገዋል። አንተ 70 ዓመት ጨመርክ።

ደግሞ በማጋነን እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ለማንም አፍ የለንም፤ ሐይቅ አይተን ባሕር ነው ብለን ከተማ የሰየምን ነን። ነገር ግን ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዚህ ቆመህ ማዶውን ፈልግ ብትባል ትቸገራለህ። ባሕር ቢባል የሚያስመስለው ነገር አለው። ያንተን ማዶ እኔ በቡና ሚዛን አየሁት።

ሱቁ ሄጄ ብናገር ልጁ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ጣቱን ከአንተ ቀኝ ጥግ ላይ አሳረፈ። ከቪ ፊደል ኋላ፣ ደቃቅ፣ ተደብቃ የቆመች ኤፍ አለች። «ቮልት አይደለም እኮ። ቪኤፍ ነው። የሞዴል ቁጥር ነው» አለኝ። የሞዴል ቁጥር! እንዲህ ያለ ጠበቃ እያለህ ነው ለካ የማትፈራው። ከጀርባው ደግሞ 168 የሚል አዲስ ሻንጣ ተሰቅሏል። ታናሽህ ነው መሰለኝ። በዚህ አያያዛችሁ ማቱሳላን ዘንድሮ ታልፉታላችሁ።

የሚገርመኝ ግን ውስጥህ ያሉት ሴሎች ናቸው። እነሱ ምንም አላጠፉም። የሊቲየም አዮን ባትሪ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 ገበያ የወጣ፣ ለሥራውም ሦስት ሳይንቲስቶች በ2019 ኖቤል የተሸለሙበት ነገር ነው። አንዷን ሴል ብታያት ስሟ 18650 ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ስሟ ልኳ ነው። አምስት እውነተኞች ላይ ተለጥፈህ ነው እንዲህ የምትቀጥፈው።

ጋሼን፣ ታዲያ ምን ልይ ነበር አልኳቸው። ቮልቱን ተወው አሉኝ። ከ18 እና ከ20 ውጭ የሆነ ቁጥር ያለው ሻንጣ ካየህ ሴሉን ቁጠር፤ ካልተቻለ በእጅህ መዝን። ከዚያ አምፔር ሰዓቱን እይ፤ 4 የሚል ባትሪ 2 ከሚለው እጥፍ ይቆያል፣ ብዙውን ጊዜም ይከብዳል። ከዚያ ኒውተን ሜትሩን፣ የማዞር ኃይሉን ማለት ነው። መካከለኛ ድሪል 50፣ 60 አካባቢ ነው፤ ደህና ኢምፓክት ከ150 በላይ ያወጣል። ካርቦን የሌለው ሞተር፣ ብረሽለስ የሚሉት፣ ከተገኘ ባትሪ ይቆጥባል፤ ካርቦን ቀይር ብሎም አያስቸግርም። ብሎም፣ አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሻንጣ ስትገዛ የምታገባው ማሽኑን ሳይሆን ባትሪውን ነው። ነገ ግራይንደር ብትፈልግ ከዚያው ቤት ነው የምትገዛው። የአንዱ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ለሌላው አይሰካም።

አንተ ላይ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልተጻፈም። አምፔር ሰዓት የለም። ኒውተን ሜትር የለም። ፊትህን የሞላው 88 ብቻ ነው፤ ከጎኑ የመብረቅ ሥዕል።

የቀረውን ላጫውትህ። እሑድ ከሰዓት ከሻንጣው ልላቅቅህ ተነሣሁ። በጥፍር ሞከርኩ፣ እንቢ። በሙቅ ውኃ፣ እንቢ። በቤንዚን አሽቼ በቢላ ጫፍ ነው አንድ ሰዓት ፈጅተህ የተነሣኸው፤ እሱም ሳትቀደድ። እውነቱን ልናገርና በሻንጣው ውስጥ ከተገኘው ሁሉ ብርቱው ነገር ያንተ ማጣበቂያ ነው። ብሎኖቹን በእሱ ባጣብቃቸው ኖሮ ቁም ሳጥኑ ይቆም ነበር።

ልጥልህ ስል ልጄ ለመነኝና ሰጠሁት። ብስክሌቱ ላይ ለጠፈህ። አሁን በየማታው በዘንባባው ሥር ይዞህ ይነዳል። ትናንት አንድ የሰፈር ሰው በር አንኳኳና ወጣሁ። ስለ ቁም ሳጥኑ ሰምቶ ሊሥቅብኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የመጣው ለሌላ ነው።

«ብስክሌቷን የት ነው ቻርጅ የምታደርጉላት?» አለኝ።

አክባሪህ የነበርኩት፣
ከባሕር ዳር