ስድሳ አርባ

ሰሞኑን ሰፎክ ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ገበሬ ደጃፍ ላይ ቆሜ ስለ ወርቅ ክፍፍል ስከራከር አመሸሁ። ወርቁ የለም። ጉድጓዱም ገና አልተቆፈረም። የሄድኩት እርሻቸው ላይ የተቀበረ ነገር እንድፈልግ ፈቃድ ልጠይቅ ነው። የያዝኩት ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ)፣ ትንሽ አካፋና አንድ ኬክ ብቻ ነው። ኬኩ ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድም ብዬ ነው። ሽማግሌው ኬኩን ተቀበሉና አመሰገኑ፤ ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። «ሀብት ቢገኝስ ስንት በስንት ነው?»

እኩል ለእኩል አልኳቸው። ልማዱ እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ሀብት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነር (እንዲህ ያለውን ግኝት ለሚመረምር ባለሥልጣን) እንዲያሳውቅ ያዛል። ሙዚየም ከፈለገው ይገመታል፤ ሽልማቱንም ብዙውን ጊዜ አግኚውና ባለመሬቱ ይካፈሉታል። እሳቸው ግን መሬቱ የእኔ ነው፣ ስድሳ አርባ ይሁን አሉ።

ስድሳ አርባ! የምንካፈለውን ልንገራችሁ። የቢራ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ የጥይት ቀለህ፣ የሱሪ ቁልፍ፣ ከትራክተር የወደቀ ብሎን። ዲቴክተር ይዞ የሚዞር ሰው ኪሱን ብትፈትሹት የምታገኙት ይህንኑ ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ሰውየው ቢያንስ ብቻውን ነው የተመኘው፤ ከማንም አልተጣላም። እኛ ግን ላሚቱን ሳናይ በቅቤው እንካሰሳለን። የሰፈራችን ሰው ዲቪ ሞልቶ ውጤቱ ሳይወጣ ቁም ሣጥኑን ለእህቱ፣ ፍሪጁን ለወንድሙ አከፋፈለ። እህትየው ፍሪጁ ይገባኝ ነበር ብላ አኮረፈች። ዲቪው አልደረሰውም፤ ፍሪጁም እዚያው ቤቱ አለ። ኩርፊያው ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

ስለተቀበረ ሀብት ከተነሣማ ጣሊያንን ማን ይረሳል? በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ በየመንደሩ ወርቅ ቀብሮ ሄዷል ይባላል። የየትኛውም ሰፈር ሰው ዛፉን ያሳያችኋል። ካርታው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው እጅ አለ፤ ያ ሰው ሁልጊዜ ትንሽ ገንዘብ ይጎድለዋል። እየሸሸ ያለ ጦር ቁጭ ብሎ ካርታ ስሎ፣ ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ይሄዳል? እስቃለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ግን አንድ የማውቃቸው አባወራ የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው ለባለ ካርታው ከፍለዋል። በሬውም ሄደ፣ ባለ ካርታውም ሄደ። ይህ ዘረፋ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሰውየውን ዛሬም ባገኘው አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኛል።

ወደ ፈቃዱ ልመለስ። አንድ የአገሬ ልጅ «ምን ደጅ ያስጠናሃል? በሌሊት ገብተህ አትፈልግም እንዴ!» ብሎኛል። በሰው እርሻ! እዚህ አገር ሳይፈቀድልህ ከሰው መሬት ያወጣኸው የሱሪ ቁልፍ እንኳ ያንተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ሰዎች ሌምስተር በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አጠገብ የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አገኙና አብዛኛውን ሳያሳውቁ ደበቁት፣ ከፊሉንም ሸጡት። እ.ኤ.አ. በ2019 ረጅም እስር ተፈረደባቸው። ደሞም ደጅ መጥናት ለእኔ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ያከራዩኝ ሴትዮ አሠልጥነውኛል። ሚስማር ለመምታት ፈቃድ። እንግዳ ለማሳደር ፈቃድ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ከበራ ጓሮ ለጓሮ መጥተው በመስኮት ያንኳኩ ነበር፤ «ልጄ፣ ቆጣሪው ይሮጣል!»። የእናቴን ፎቶ መስቀያ አጥቼ ሻንጣ ላይ አስደግፌ ነው የኖርኩት። ስወጣ ደግሞ ግድግዳው ተቦርቡሯል ብለው ከቀብዱ ቆረጡብኝ። በምን ተቦረቦረ? በሻንጣ?

ገበሬዎች ሁሉ እንደ ሰፎኩ ሽማግሌ አይደሉም። በዚሁ በሰፎክ፣ ሆክስን በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ገበሬ መዶሻ ጠፋው። ዲቴክተር ያለውን ጓደኛውን ና ፈልግልኝ ብሎ ለመነው። ገበሬው ለማኝ፣ ባለ ዲቴክተሩ ተለማኝ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለማን ይደርሳል! መዶሻ ሲፈለግ ወደ 15,000 የሚጠጋ የሮማ ዘመን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ወጣ። ሰውየው ሁሉንም ልቆፍር ሳይል አሳወቀ፤ ባለሙያዎች መጥተው በሥርዓት አወጡት። ሽልማቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ለገበሬውም አካፈለው። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በመዶሻው ስድሳውን ማን፣ አርባውን ማን እንደወሰደ አልሰማሁም።

ይህንን ታሪክ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። አሰቡና እኩል ለእኩል ብለው ፈረሙ፤ ኬኩም ሳያግዝ አልቀረም። ነገር ግን ስንዴው እስኪታጨድ ድረስ እርሻው ውስጥ እንዳልገባ አስጠነቀቁኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ማታ አዲስ አበባ ላለው ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ከአንተ ግማሽ ለእኔ ስንት ይደርሳል?» አለኝ።