የ14 ዓመት ልጅን በቁመቱ ማባረር ይብቃ

ሰሞኑን አንድ የታዳጊዎች እግር ኳስ አሰልጣኝ በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም ላይ ስለ ምልመላው ሲጠየቅ፣ “መጀመሪያ ቁመት ነው የምናየው፤ አጭር ልጅ ትንፋሽ የለውም፣ ጨዋታ አይጨርስም” አለ። ጋዜጠኛውም እንዲሁ አለፈው። እንዴት ይታለፋል?

አጭር ልጅ ትንፋሽ የለውም የሚባለው በኃይሌ ገብረሥላሴና በቀነኒሳ በቀለ አገር ነው! የሁለቱም ቁመት 1.65 ሜትር አካባቢ ነው። በ10,000 ሜትር ዓለምን ከኋላቸው ያስከተሉት ትንፋሽ አጥሯቸው ነው? እርግጥ ሰውነት በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክስጅን በጥቅሉ ሲለካ ትልቁ ልጅ ይበልጣል፤ ልቡም ሳንባውም ትልቅ ነውና። ቁጥሩን ለኪሎው ሲያካፍሉት ግን ያ ብልጫ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ሜዳ ላይ ደግሞ ሁሉም ተሸክሞ የሚሮጠው የራሱን ኪሎ ነው።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የዕድሜው ነገር ነው። ወንድ ልጅ ቁመቱ በፍጥነት የሚመዘዘው በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ላይ ነው፤ አንዱ በ12 ይመዘዛል፣ ሌላው እስከ 16 ሊቆይ ይችላል። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ጢሙ ያቆጠቆጠ ጎረምሳ፣ ሌላው ድምፁ እንኳ ያልጎረነነ ልጅ ሊሆን ይችላል። አሰልጣኙ ጎረምሳውን ይመርጣል። ጎረምሳው በትከሻው እየገፋ ጎል ያገባል፣ ቡድኑ ያሸንፋል፣ ለአሰልጣኙ ይጨበጨባል። ከዓመታት በኋላ እኩዮቹ በቁመት ሲደርሱበት ግን ኳስ መቆጣጠር መማር የነበረበት ጊዜ በመገፋፋት አልቋል። ያኛው ትንሹ ልጅማ ድሮ ተባሮ ጫማውን ሰቅሏል። ዕድሜ መደበቅ በተለመደበት እግር ኳሳችን ደግሞ የቁመት ምልመላ ማንን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው፦ 18 ዓመት ሞልቶት 15 ነኝ የሚለውን።

ክሮኤሺያዊውን ሉካ ሞድሪችን የአገሩ ክለብ ሃይዱክ ስፕሊት በልጅነቱ ደቃቃ ነው ብሎ መልሶታል፤ በ2018 የዓለም ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ባሎን ዶር ወሰደ። ቤልጅየም ዘግይተው ለሚያድጉ ታዳጊዎች ለብቻቸው ብሔራዊ ቡድን አዘጋጅታለች።

ለግብ ጠባቂና ለመሃል ተከላካይ ቁመት ይጠቅማል፣ እሺ። የ14 ዓመቱ ልጅ ቁመት የት ላይ እንደሚቆም ግን አሰልጣኙ በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም።

መለካቱን አልተቃወምኩም፤ እንዲያውም በደንብ ይለካ። ቁመቱ፣ ቁጭ ብሎ ያለው ቁመትና ክብደቱ በየሦስት ወሩ ይመዝገብ። የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ፣ ማለትም እየፈጠነ በሚሄድ የድምፅ ምልክት በሁለት ኮኖች መካከል መመላለስ፣ ይሩጥ፤ ውጤቱም ከራሱ ካለፈው ውጤት ጋር ይነጻጸር። ለዚህ ሁለት ኮንና ድምፁን የሚያጫውት አንድ ስልክ ይበቃል። ይህን ያህል እንኳ ያልደከመ አሰልጣኝ አንድን ልጅ “ትንፋሽ የለህም” ብሎ ወደ ቤቱ የመመለስ መብት የለውም።