በታሪክ እየተጣላን ታሪክ የሚማረውን ልጅ ስለ መናቃችን

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው አዝኜና ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬን ለማለዘብም አልሞክርም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት ክፍል ምደባ በሚወጣበት ሰሞን በየቤታችን የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጃችን ሕክምና ወይም ምሕንድስና ከደረሰው ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ጎረቤት «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል ይመጣል። ታሪክ የደረሰው እንደ ሆነ ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል፤ እናት ታለቅሳለች፣ አጎት ምደባውን የሚያስቀይር ሰው ፍለጋ ስልክ ይደውላል፣ ልጁም ፈተና የወደቀ ያህል አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ቤት፣ ያው አጎት ስልኩን ከፍቶ ስለ ዐፄ ምኒልክ፣ ስለ ዐፄ ዮሐንስ፣ ስለ ኢማም አሕመድ ወይም ስለ ኦሮሞ መስፋፋት የሚናገር አንድ ሰው ሲያዳምጥ፣ በሰማውም ነገር ሲነድና ሲራገም ያመሻል። ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ፣ ነገሩን ከየት እንዳገኘው፣ የጠቀሰውን ሰነድ በዐይኑ አይቶት እንደ ሆነ ግን አይጠይቅም።

እኔ የምገሥጸው ይህንን ነው። ታሪክን ወዳጅ የምንመርጥበትና ወዳጅ የምናጣበት፣ አንዳንዴም ደም የምንፋሰስበት ጉዳይ አድርገነው ሳለ፣ ያው ታሪክ እንዴት እንደሚጣራ ለዓመታት ቁጭ ብሎ የሚማረውን ወጣት ዕድለ ቢስ እንለዋለን። ፍርድ ቤት ስንቆም ጠበቃ እንፈልጋለን፤ በወንድማችን ላይ ስለምናነሣው የመቶ ዓመት ክስ ግን የሰማነውን ወሬ ይዘን ራሳችን ከሳሽም ምስክርም ዳኛም እንሆናለን።

አብዛኞቻችን የታሪክ ትምህርት የነገሥታትን ስምና የጦርነትን ዘመን መሸምደድ ይመስለናል። ይህን ሐሳብ ከትምህርት ቤት ይዘነው ወጥተናል፤ የእኛ የመምህራንም ጥፋት አለበት። ሥራው ግን ሌላ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ውሰዱ። የአማርኛው ቅጂ በ17ኛው አንቀጽ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ፈቃዱን ወደ ግዴታ እንደ ለወጠው የማያውቅ የለም፤ በየዓመቱ በዓድዋ በዓል እንሰማዋለን። የታሪክ ተማሪ ግን ይህን በማወቁ ብቻ አያልፍም። ሁለቱን ቅጂዎች ማን አዘጋጃቸው፣ በመካከል የቆመው አስተርጓሚ ማን ነበር፣ ልዩነቱ መቼና በማን ዘንድ ታወቀ፣ ከፊርማው በፊትና በኋላ የተጻጻፉት ደብዳቤዎች ምን ይላሉ፣ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድረስ በነበሩት ዓመታትስ ከአንቀጹ ሌላ ምን ምክንያት ተደረበ እየተባለ ይጠየቃል። ይህን ጥያቄ በተራ በተራ መጠየቅ የለመደ ሰው፣ ነገ በፌስቡክ «ተደብቆ የኖረ ጥንታዊ ሰነድ ተገኘ» ቢባል ወዲያው አያምንም፤ ወዲያውም አይክድም።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የዘመናቸው ሰዎች የጻፉትንም ተመልከቱ። ደብተራ ዘነብ ንጉሡን እያደነቁ ጻፉ፤ ታሪካቸውም የንጉሡ መከራ ከመብዛቱ በፊት ይቆማል። አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ ከመቅደላው ፍጻሜ ዓመታት በኋላ ብዙ መራራ ቃል ያለበት ታሪክ ጻፉ። ዛሬ አንዱ ወገን የዘነብን ይዞ ቴዎድሮስን ያነግሣል፣ ሌላው የወልደ ማርያምን ይዞ ይረግማቸዋል፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ዘርግቶ አንደኛው መቼና በማን ጥላ ሥር ሆኖ እንደ ጻፈ፣ ሌላው ምን ካየ በኋላ እንደ ጻፈ አመዛዝኖ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ በተደረገው ጦርነት የሆነውም እንዲሁ ነው። ከኢማም አሕመድ ወገን የሆነው ጸሐፊ በዓረብኛ የጻፈው አለ፤ ከዐፄ ልብነ ድንግል ወገን የሆኑት በግእዝ የጻፉት አለ። ለአንዱ ድል የሆነው ለሌላው መዓት ነው። የአንዱን ብቻ አንብቦ ሌላውን ሕዝብ መክሰስ ዕውቀት አይባልም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ብዙ ጊዜ የማስበው አባ ባሕርይን ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ስለ ኦሮሞ የጻፉት እኒህ የቤተ ክህነት ሰው፣ ስለ እርሱ የሚጽፉትን ሕዝብ እንደ ጠላት ያዩ ነበሩ፤ ቃላቸውም ዛሬ ሲነበብ ያቆስላል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ድርሰቱን ጨርሶ ይጥለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ስድቡን እየመረጠ ያሰራጨዋል። ታሪክ የተማረ ሰው ምን ያያል? መነኩሴው ወረራ ያሉትን ነገር የጻፉት በሉባ፣ ማለትም በተራው ሥልጣን በሚይዘው የገዳ ትውልድ፣ ቅደም ተከተል፣ አንዱን ሉባ ከሌላው እያስከተሉ ነው፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ በሚረከብበት በገዳ ሥርዓት ላይ ተመሥርቶ የተነገረ ስለ ሆነ፣ ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን እንቅስቃሴ በዓመት ለመተመን ከያዙት ዋና መንገድ አንዱ ይኸው ሆኗል። እንደ ጠላት ያየው ጸሐፊ እንኳ የኦሮሞን የዘመን መቁጠሪያ ሳይዝ የኦሮሞን ታሪክ መጻፍ አልቻለም ማለት ነው። ስድቡን ከምስክርነቱ ለይቶ ማንበብ የሚቻለው እንዲህ ነው፤ ይህንንም ችሎታ ሰው ከእናቱ ሆድ ይዞት አይወጣም፣ በመምህር እጅ ተቀጥቶ ይማረዋል።

እኔም በመቀጣት ነው የተማርኩት። በ1978 ዓ.ም. የመመረቂያ ጽሑፌን፣ እኛ «ሲኒየር ኤሴይ» የምንለውን፣ ለመሥራት ወደ ሰሜን ሸዋ ሄጄ፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር ስለ ተዋጉበት ስለ ሰገሌ ጦርነት አዛውንትን እጠይቅ ነበር። ሁለት ጎረቤታም ሽማግሌዎች፣ ሁለቱም በጦርነቱ ጊዜ ልጆች የነበሩ፣ ስለ ዕለቱ አልተስማሙልኝም። አንደኛው «የእስጢፋኖስ ዕለት፣ ዓርብ ነው» አሉኝ፤ ሌላው «ቅዳሜ ነው፤ እኔን ማን ያስተምረኛል?» ብለው ተቆጡ። አዲስ አበባ ተመልሼ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ብቆጥረው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ዓርብ ሆኖ ተገኘ፤ የሁለተኛውን ሽማግሌ ቃል ሰርዤ ጽሑፌን ለአማካሪ መምህሬ አቀረብኩ። መምህሬ የተሰረዘውን አይተው፣ «እኒህ ሰው ሰባ ዓመት ሙሉ ቅዳሜን የያዙት በከንቱ ነው? ተመልሰህ ጠይቅ» አሉኝ። ተመለስኩ። ሽማግሌው የነገሩኝ ይህ ነበር፤ አባታቸው ሰገሌ ላይ ወድቀው የመርዶው ድምፅ ከቤታቸው የተሰማው በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጧት ነው። ለእርሳቸው ሰገሌ የቅዳሜ ለቅሶ ነው። የጦርነቱ ቀን ዓርብ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ቅዳሜም ታሪክ ነበር፤ እኔ ግን በአንድ መስመር ደምስሼው ነበር። ያን ቀን ያልገሠጹኝ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ቃል እየሰረዝኩ እኖር ነበር።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሲከፈት፣ ቀጥሎም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. በዚያው ሲመሠረት፣ ይህን ሙያ በአገር ልጅ እጅ ለማድረግ ታስቦ ነበር። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ፣ ታደሰ ታምራት፣ መርዕድ ወልደ አረጋይ፣ ባሕሩ ዘውዴና ሌሎችም ትውልድ አስተምረዋል። ከእነርሱ እጅ የወጡ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በየክረምቱ ወደ ትውልድ አገራቸው እየሄዱ ስለ አንድ ገበያ፣ ስለ አንድ ደብር፣ ስለ አንድ ባላባት ቤት፣ ስለ አንድ ከተማ አመሠራረት አዛውንትን ጠይቀው ጽፈዋል። ጽሑፎቹ ስድስት ኪሎ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የአንዳንዱ አካባቢ ነገር የቀረው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በታይፕ በጻፈው በዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው። እናንተ «ምን ይሠራል?» የምትሉት ትምህርት ይህን ሠርቷል።

ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ከ100 ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ወሰነ። ሐኪምና መሐንዲስ ያስፈልገናል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ያን 30 ሕግና ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግና ማኔጅመንት ሲካፈሉት ለታሪክ የቀረው ሌላ ቦታ ያጣ ልጅ ሆነ። ሳይወድ የተመደበ ተማሪ፣ ሳይወድ ከተመደበ ተማሪ ጋር ታክቶት የሚውል መምህር፣ በዚህ ሁሉ መካከል የሚወጣው ዲግሪ ምን ክብደት እንደሚኖረው እናንተው ፍረዱ። እኛው አዳክመነው፣ ስለ ደከመ እንንቀዋለን።

ንቀታችን ከሰው አልፎ ወረቀት ላይም ደርሷል። አንድ ጊዜ በአንዲት የአውራጃ ከተማ ከሱቅ በርበሬ ገዝቼ፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስዘረጋው በንጉሡ ዘመን የተጻፈ የመሬት ክርክር ፋይል ገጽ ሆኖ አገኘሁት፤ ማኅተሙ አልደበዘዘም፣ የከሳሹም የተከሳሹም ስም ይነበባል። አንድ መሥሪያ ቤት ቢሮ ሲያጸዳ አሮጌውን ፋይል በኪሎ ሸጦት ኖሯል። ባለሱቁን ለመንኩት፤ የቀረው አሥራ ሁለት ቅጠል ነበር። የዚያች ከተማ ሰዎች ዛሬም «ይህ መሬት የማን ነበር?» እያሉ ይጣላሉ፤ መልሱን በበርበሬ መጠቅለያነት እንደ ጣሉት ግን አያውቁም። በዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ታሪክ የተማረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቢኖር ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ «ምን በልቶ ያድራል?» የምትሉት ጭንቀት ይገባኛል፤ አላቃልልባችሁም። የመምህር ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ልጃችሁ በዚህ ሙያ ይበለጽጋል ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን በትምህርት ቤት፣ በሙዚየም፣ በወመዘክር፣ በጋዜጠኝነት፣ በቱሪዝም፣ በውጭ ጉዳይ ሥራ ታሪክ የተማረ ሰው የሚያስፈልግበት ቦታ ሞልቷል፤ ችግሩ ቦታውን ለሌላ መስጠታችን ነው። እናንተ የምትቀጥሩ ሹማምንት ደግሞ፣ የባህልና የቅርስ ቢሮን ከሌላ ቢሮ የተነሣ ሰው ማሳረፊያ ማድረጋችሁን ተዉ።

የሙያ ጓደኞቼ መምህራን፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። በክፍል ውስጥ ቆመን የራሳችንን ብሔር ጠበቃ የሆንን ቀን ሙያውን ራሳችን ገድለነዋል። ተማሪው ከየትኛውም ወገን መጥቶ፣ ከሚወደው አያቱ የሰማውን ነገር እንኳ በማስረጃ እንዲፈትን ካላስደፈርነው፣ ዲግሪ የሰጠነው ለነገ ስድብ ነው። በሌላ አገር ተቀምጣችሁ የታሪክ ቻናል የከፈታችሁ ወንድሞችና እኅቶችም፣ በዋሽንግተን ወይም በለንደን የምትናገሩት ቃል እዚህ መንደር ውስጥ ዱላ እንደሚያስነሣ ታውቃላችሁ። ሰነድ ስትጠቅሱ የተቀመጠበትን ቤተ መጻሕፍትና ገጹን ንገሩን፤ ዘመን ስትጠሩም በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ለዩ። የሰባትና የስምንት ዓመት መዛነፍ አንድን ሰው ከመወለዱ በፊት ሲያዘምተው አይቻለሁ።

አንተም ዘንድሮ ታሪክ የደረሰህ ልጅ፣ አንቺም ልጄ፣ ስሙኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለና ጥያቄና መልስ ሸምድዳችሁ ለማለፍ ትፈተኑ ይሆናል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ የሚጽፍ ሰውም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። የገዛችሁት ጽሑፍ የማን አያት ቃል ነው? ያልጠየቃችሁትን ሽማግሌ ስም በመጨረሻው ገጽ ላይ ስትጽፉ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ያምናችኋል፤ ስለሚያምናችሁም ያልነበረውን እንደ ነበረ ይጽፋል። ይህ ከስርቆት ይከፋል።

የምረቃውን ዓመት አትጠብቁ። ክረምት አገር ቤት ስትገቡ አያታችሁን፣ አያት ከሌላችሁ የጎረቤታችሁን፣ ደግሞም የማትወዱትን ወገን አዛውንት ጠይቁ። ደብተር ያዙ። የሰውየውን ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ያነጋገራችሁበትን ቀንና ቦታ በገጹ ራስ ላይ ጻፉ፤ በዐይኑ ያየውን ከሰማው ለዩ፤ ዓመቱን ካላስታወሰ ዘመኑን በምን እንደሚያስበው ጠይቁት፤ በበሽታ ይሁን፣ በረኀብ፣ በአንበጣ፣ በሥልጣን ርክክብ። ሁለት ሰው ካልተስማማ አንዱን አትሰርዙ። ሁለቱንም ጻፉና ተመልሳችሁ ጠይቁ።