499 ሰዎች

ሥራ ስፈታ የማይረባ ነገር ማንበብ እወዳለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት የህንድን የ2011 የሕዝብ ቆጠራ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እያንዳንዷ መንደር ባለስድስት አኃዝ መለያ ቁጥር አላት። ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ማንበብ የሚችል እያለ ይዘረዝራል። ከዚያ የአውቶቡስ ተራ ይመጣል። መንደሯ ውስጥ ከሌለ፣ በቅርብ የሚገኝበት ርቀት በፊደል ይጻፋል። ከ5 ኪሎ ሜትር በታች አንድ ፊደል፣ ከ5 እስከ 10 ሌላ ፊደል፣ ከዚያ በላይ ሦስተኛ ፊደል። በቃ። 11 ኪሎ ሜትርም 40ም እዚያ ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ግን ልዩነቱን ታውቀዋለች።

የሕዝብ ቁጥር ህንድ ገጠር ውስጥ ተራ መረጃ አይደለም። መንገድ የሚሰጠውም የሚከለክለውም እሱ ነው። በታኅሣሥ 2000 የጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓይ መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትርነት ማዕረግ የሚጠራ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ጀመረ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሜዳ ላይ 500 ሰው ያላት ሰፈር ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ይገባታል። ተራራማና በረሃማ አካባቢ ከሆነች 250 ይበቃል። እስካሁን ከ700,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተሠርቷል። ይህን ማናናቅ ነውር ነው።

ግን 499 ሰው ያላትስ? ያውም በየትኛው ዓመት ቆጠራ? በመስከረም 2024 የጸደቀው የፕሮግራሙ አራተኛው ምዕራፍ የሚመራው በዚያው በ2011 ቁጥር ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ አሁን ጢም እያበቀለ ነው። የ2021ዱ ቆጠራ በኮቪድ ሳቢያ ቀርቶ ለ2027 ተላልፏል። (የእኛ የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው።)

እሺ፣ መንገዱ መጣ እንበል። አስፋልት ብቻውን ማንንም አያደርስም። ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህንኑ ፕሮግራም አጥንተው በ2020 ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስደንግጧል። መንገዱ ሠራተኞችን ከእርሻ ወደ ሌላ ሥራ አሻግሯል። ምርቱ፣ ገቢውና ንብረቱ ግን ያን ያህል ንቅንቅ አላለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእነዚህ መንገዶች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመላለሰው እዚያ «አውቶ» የሚሉት ባለሦስት እግር ነው። እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ስሙንም በህንዷ ፑኔ ከተማ ካለው ኩባንያ የወረሰው። ጠባዩን እናውቀዋለን፤ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ከቸኮልክ ኮንትራት ያዝ ይልሃል። 2,000 ሰው ያላት መንደር ቶሎ ትሞላዋለች። 300 ሰው ያላት ግን ጠዋት ሁለት ሰው፣ ከሰዓት ምናልባት አንድ። ስለዚህ ትንሿ መንደር በቁጥሯ ሁለቴ ትቀጣለች። መጀመሪያ መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ መገንጠያው ላይ። ሾፌሩ ላይ አልፈርድም፤ ነዳጅ የሚቀዳው በራሱ ኪስ ነው።

የቢሃር ክልል መንግሥት በ2006 የጀመረው ነገር ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች መግዣውን ሰጥቶ ብስክሌት ላይ አወጣቸው። ትምህርት ቤት የሚገቡት ሴቶች ቁጥር በግልጽ ጨመረ። ብስክሌት እስኪሞላ አይጠብቅማ! የታሚል ናዱ ክልል በ2021፣ የካርናታካ ክልል በ2023 ሴቶችን በመንግሥት አውቶቡስ በነፃ ማሳፈር ጀመሩ። ጥሩ ነው፣ አውቶቡስ ለሚመጣላት። ለማይመጣላት መንግሥት ጠዋትና ማታ አንዳንድ ምልልስ ይክፈል፣ ባዶውንም ቢሄድ። ለመንገዱ ያንን ሁሉ ገንዘብ ካፈሰሰ በኋላ ይህ ምን ይከብደዋል?

የ2027 ቆጣሪዎች መዝገባቸው ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ደግሞ ደስ ይለኛል። ወደዚህች መንደር የመጨረሻው መኪና ከከተማ የሚነሳው ስንት ሰዓት ላይ ነው?