ዋንደረርስ ዋንጫውን መልሶታል
«ዋንደረርስ 3 ጊዜ በተከታታይ ስላሸነፈ የእንግሊዙን የእግር ኳስ ውድድር፣ የኤፍኤ ካፕን ዋንጫ ለዘለቄታው ወሰደው፤ ሌላ ዋንጫ የተሠራውም ለዚህ ነው» የሚሉ ወዳጆች በዝተዋል። ግማሹ ልክ ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ የታዋቂ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የቀድሞ ተማሪዎች የነበሩት ይህ የአማተሮች ክለብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1878 በተከታታይ አሸንፏል። ዋንጫውን የማስቀረት መብትም ነበረው።

ግን መለሰው! ከእንግዲህ ማንም ክለብ ለራሱ እንዳያስቀረው የሚል ቅድመ ሁኔታ ብቻ ጠየቀ። ክለቡ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ይህ ደግነቱ በስህተት ወሬ ሲሸፈን ያሳዝናል።

ማጣራት ለሚፈልግ የብላክበርን ሮቨርስን ታሪክ ይመልከት። ከ1884 እስከ 1886 በተከታታይ ሲያሸንፍ የተሰጠው ልዩ ጋሻ ነው፣ ዋንጫው አልቀረለትም። የመጀመሪያው ዋንጫ የጠፋው በ1895 ነው። አስቶን ቪላ አሸንፎት፣ በርሚንግሃም ውስጥ ሱቅ መስኮት ላይ ለእይታ ተቀምጦ ሳለ ተሰረቀ፤ ሌላ ዋንጫ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው።