ሎርዱ መምህርቷን ሲያገባ ማን አተረፈ?

ተቃዋሚ፦ ሎርድ፣ ማለትም የእንግሊዝ መኳንንት፣ ድሃ መምህርት የሚያገባባቸውን የፍቅር ልብ ወለዶች እንደ ቆሎ ነው የምቆረጥማቸው፤ አልዋሽም። ዘመኑ የእንግሊዝ «ሪጀንሲ» ነው፤ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ታሞ ልጁ እንደራሴ የሆነበት፣ ከ1811 እስከ 1820 እ.ኤ.አ.። ታሪኩ ያው ነው። ቁጥብ የሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት፣ ኩሩ ሎርድ፣ ዝናብ፣ ከዚያ ሠርግ። የሚያበሽቀኝ ሠርጉ ነው። በዚያን ጊዜ ሕግ ሴት ስታገባ ያጠራቀመችው ገንዘብ የባሏ ይሆናል። ይሄ በደንብ የተለወጠው በ1882 ነው። ታዲያ መምህርቷ ምን አገኘች?

ደጋፊ፦ እህቴ፣ ሠርጉን ተይና እጇን እዪ። ጎበዝ ደራሲ ጓንቷን ያስወልቃታል። ጣቷ ላይ የደረቀ ቀለም አለ። ሎርዱ ያየዋል፤ እሷ ቶሎ ትደብቀዋለች። ለእኔ ፍቅሩ እዚያ ጋ ነው። ቁጥብነቷ እኮ ዓይናፋርነት አይደለም፣ እንጀራዋ ነው። ስሟ በሐሜት ከተነሳ ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጡባታል። «እሺ» ለማለት 200 ገጽ ቢፈጅባት ይፈረድባታል?

ተቃዋሚ፦ እሱስ ቢታማ ምን ይጎድልበታል? ማዕረጉ እንደሆነ አይነካ። ለሴቶች መብት የጻፈችውን እንግሊዛዊት ደራሲ ሜሪ ዎልስቶንክራፍትን አስባት። በ1784 ለንደን አጠገብ፣ ኒውዊንግተን ግሪን ትምህርት ቤት ከፈተች። ተዘጋባት። አየርላንድ ሄዳ የአንድ መኳንንት ቤተሰብ ልጆችን አስተማረች፤ ዓመት ሳይሞላት አሰናበቷት። ለንደን ተመልሳ በብዕሯ አደረች። ሎርድ የለ፣ ዝናብ የለ።

ደጋፊ፦ ቆይ፣ ያገቡም አሉ። ሄንሪ ሴሲል በ1791 የገበሬ ልጅ ሣራ ሆጊንስን አገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኤክሰተር ኧርል የሚባለውን የመኳንንት ማዕረግ ሲይዝ እሷም የትልቁ የበርግሊ ቤት እመቤት ሆነች።

ተቃዋሚ፦ ስሙን ቀይሮ እንደቀረባትስ ለምን ዘለልከው? ከ1791 በፊትም የፊተኛዋን ሚስቱን ሳይፈታ አንዴ እንዳገባትስ? ሣራ በ1797 በ23 ዓመቷ ሞተች። ምስክር ብለህ ያመጣኸው ይሄን ነው?

ደጋፊ፦ በሣራስ ተረታሁ። ግን ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ረስተሻል። ከጋብቻ በፊት በሚጻፍ ውል የሚስት ገንዘብ በባለአደራዎች እጅ ለብቻዋ ሊቀመጥላት ይችል ነበር። ሀብታሞቹ ለሴት ልጆቻቸው ያስጽፉት ነበር። ሎርዱ ከቀለበቱ በፊት ያንን ወረቀት ይዞ ሲመጣ አስቢው። እኔ አለቅሳለሁ።

ተቃዋሚ፦ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ካገኘህ ርዕሱን ላክልኝ። ዛሬውኑ።